«ተው» ካላችሁኝ በኋላስ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ሱስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ቡናዬን እየጠጣሁ አነበብኩት። ደህና ነው። ግን እንደ ሁልጊዜው «ቆራጥ ሁን፣ ተው» ላይ ሲደርስ አለቀ። እኔን ያስቸገረኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

አናጺ ነኝ። 11 ዓመት አረቄ ጠጥቻለሁ። ኋላ ኋላማ ጠዋት ሁለት መለኪያ ካልቀመስኩ እጄ እየተንቀጠቀጠ መጋዝ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ካቆምኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ።

መጀመሪያ እናንተ እንደምትመክሩት በቁርጠኝነት ነበር። አንድ እሑድ ማታ የመጨረሻዬን ጠጣሁና በቃኝ ብዬ በሬን ዘጋሁ። ሰኞ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ ሲያንቀጠቅጠኝ ዋለ። ረቡዕ ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ አያለሁ፣ ከሞተው አባቴ ጋር አወራለሁ። ዘመድ «ሰይጣን ነው፣ ጠበል ውሰዱት» አለ። «መጀመሪያ ሐኪም ቤት!» ብላ የጮኸችው ጎረቤታችን ያለች ነርስ ናት። ሐኪሙ ኋላ ሲያስረዳኝ፣ ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም አንጎሉ ይረበሻል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፣ በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠቱ ሊመጣ ይችላል፣ ካልታከመም ሊገድል ይችላል አለኝ። ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ ሰጡኝ። ጠበሉንም ስወጣ ተጠመቅሁ፣ ሁለቱ አልተጣሉብኝም። ግን «በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ብቻውን፣ በድንገት አያቁም» የምትል አንዲት መስመር ጽሑፋችሁ ላይ ብትኖር ምን ነበረበት?

እሺ፣ ሰውነቴ ዳነ። ውስጤስ? አረቄው ሲሄድ አፍኖት የኖረው ሁሉ ተነሳብኝ። ሚስማር ተጣመመብኝ ብዬ መዶሻ እወረውራለሁ። ያለ ምክንያት ዕንባዬ ይመጣል፣ አናጺ ሰውዬ! እንቅልፌ ለወራት አልተስተካከለም። ከሁሉም የባሰው ደግሞ አመሻሹ ነው። ከ11 እስከ 2 ሰዓት ያለውን ጊዜ ምን እንደማደርገው አላውቅም፣ ምክንያቱም የማውቀው ጓደኛ በሙሉ ያን ሰዓት ያለው አረቄ ቤት ነው።

ያወጣችኝ ባለቤቴ ናት። ስነጫነጭባት አትመልስልኝም፣ «ምሳ በልተሃል?» ብቻ ነው የምትለው። እንደ ሕፃን ታየኛለች ብዬ እናደድ ነበር። እውነቷን ነው እኮ። ሃራራው የሚነሳብኝ ወይ ሲርበኝ፣ ወይ ሲደክመኝ፣ ወይ ሲከፋኝ፣ ወይ ብቻዬን ስሆን ነው። አሁን ኪሴ ቆሎ አያጣም፣ ጠዋት በሶ ጠጥቼ ነው ከቤት የምወጣው። ሁዳዴ ላይ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ሲያቅተኝ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «አንተ ቀደም ብለህ ቅመስ፣ የአንተ ጾም ከአረቄው ነው» አሉኝ። አመሻሹን ደግሞ ወደ ጎሃ አቀበቱን እወጣለሁ። ስወርድ ደክሞኝ ስለምገባ እንቅልፍ ይወስደኛል። መድኃኒት ነው አልልም፣ ግን ያቺን ሰዓት ይገድልልኛል።

ልጄ አሁንም ስትስመኝ አፌን ታሸተኛለች። አልከፋም። 11 ዓመት የዋሸኋትን በዓመት እንድትረሳልኝ አልጠይቃትም።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። በሰፈራችን አረቄ ቤቶች መታወቂያ ሲጠየቅ ግን አላየሁም። እሱን እናንተ ጠይቁልን።

እኔ ግን በሕግ ከሚያዘው ይልቅ የሚከብደኝ በፍቅር የሚመጣው ነው። ማኅበር ላይ፣ ዝክር ላይ፣ ሰርግ ላይ «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን አንዷን ብቻ!» የሚሉ እናቶች አሉ። ክፉ አስበው አይደለም፣ ያሳደጉኝ ናቸው። እምቢ ስል ቤታቸውን የናቅሁ ይመስላቸዋል። ይሉኝታ ይይዘኛል፣ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ብዬ እዋሻለሁ። ባለፈው ጥምቀትማ ሽሽት ብዬ ከተራ ማታ በጊዜ ተኛሁ፣ ሌሊት ተነስቼ ፋሲል መዋኛ ወረድኩ። ከዚያ በፊት ጥር 11 ንጋት ላይ በአእምሮዬ ሆኜ ቆሜ አላውቅም። ውኃው ተባርኮ ወጣቱ ዘሎ ሲገባ ዳር ቆሜ ብርድ እየመታኝ አየሁ፤ ለካ እንዲህ ነው የሚያምረው!

እንግዲህ ስለ ሱስ ደግማችሁ ስትጽፉ ለጠጪው ብቻ አትጻፉ፣ ለደጋሹም ጻፉ። ባለፈው እሑድ ጎረቤት ዝክር ነበረ። እትዬ ጠላውን ሲያስዞሩ እኔ ጋ ሲደርሱ ምንም ሳይሉ፣ ማንም ሳያይ፣ በብርጭቆ ብርዝ አስቀመጡልኝ። ሁለት ጠጣሁ። አስደግሜ ማለት ነው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ተጫውቼ ቤቴ ገባሁ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር