ሞተር ላይ ሆነሽ የላክሽልኝ ፎቶ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ ወንድምሽም የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን አልፏል። የጎደለን ያንቺ ዓይን ብቻ ነው።

ቅዳሜ የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። እዚያው ቻይና፣ ሃንግዡ ከተማ፣ ሺሁ ሐይቅ ዳር፣ ኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ከጓደኛሽ ኋላ ተቀምጠሽ፣ ፀጉርሽን ነፋስ በትኖት ትስቂያለሽ። አባትሽ «እንዴት አምሮባታል!» አለ። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ጭንቅላትሽ ላይ ነው፤ ሄልሜት የለም። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይኸው ተነስቼ እጽፍልሻለሁ። በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማዬ» ብለሽ ታልፊዋለሽ፤ ደብዳቤ ግን ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ።

አንድ የደበቅኋችሁ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. ዕቃ ልገዛ የቻይናዋ የንግድ ከተማ ዪዉ ሄጄ ቀኝ እጄ ተሰብሮ ስመለስ «ደረጃ አዳልጦኝ ነው» ብያችሁ ነበር። ውሸት ነው። ከገበያው ወደ ሆቴሌ በታክሲ እየተመለስኩ ነበር። መሽቷል፣ ቀኑን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ውዬ እግሬ ዝሏል። ታክሲው ዳር ይዞ ቆመ፤ ሒሳቤን ከፍዬ ወደ ኋላ ሳላይ በሩን በሰፊው ከፈትኩት። እዚህ ታክሲ ዳር ከያዘ በቀኝሽ ያለው እግረኛ ነው። እዚያ ግን በመኪናውና በእግረኛው መካከል የብስክሌት መስመር አለ፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ሁሉ የሚነጉደው በዚያ ነው። አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ከፊቷ አቁማ እየመጣች ነበር። አንዳች ድምፅ አልሰማሁም። ከበሩ ጋር ተላተመች፤ እኔም አንድ እግሬን አውርጄ ስለነበር ተያይዘን ወደቅን። የእኔ እጅ ተሰበረ፣ የእሷ አገጭ ተተረተረ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ግን እናቱ በደም ተነክራ ሲያያት የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ለዚህ ነው ለእናንተ መናገር ያቃተኝ።

ፖሊስ የጠራልን አንድ ባለሱቅ ነው፤ እኔ ቁጥሩን እንኳ አላውቅም ነበር። አንቺ አሁኑኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ፦ ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 120፣ የትራፊክ አደጋ 122። ደግሞም ከመኪና ስትወርጂ የቀኙን በር በግራ እጅሽ ክፈቺው። ያን ጊዜ ትከሻሽ ሳታስቢው ይዞራል፣ ዓይንሽም ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ አበባም የምወርደው እንዲሁ ነው። እዚህም ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል።

«ሃንግዡ መኪናው ሁሉ ለእግረኛ ይቆማል» ብለሽ የጻፍሽው እውነት ነው። ከተማዋ በዚህ በመላው ቻይና የታወቀች ናት፤ ሕጉም ከእግረኛው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2004 ጀምሮ የሚሠራበት የመንገድ ትራፊክ ደህንነት ሕግ፣ ሰው ዜብራ ላይ ካለ ሹፌሩ መቆም አለበት ይላል። መንጃ ፈቃዱ ላይ በዓመት 12 ነጥብ አለው፤ ለእግረኛ ካልቆመ 3 ይቀነስበታል። ካሜራው ደግሞ በየመስቀለኛው ተሰቅሏል። እኔ በ2000 ዓ.ም. ሌላዋ የቻይና ከተማ ጓንግዡ ስደርስ የነበረውን ብታዪ ይህን አታምኚም ነበር። ያኔ የሚሻገረው ሰው ዳር ላይ ይጠራቀማል፤ በዛ ብሎ ሲበረታ መብራቱን ሳያይ አንድ ላይ ይገባል። ኋላ ላይ ቻይናዎቹ ራሳቸው «የቻይና ዓይነት አሻጋገር» እያሉ በምሬት ያወሩት ነበር። ሕጉና ካሜራው ብዙ ሰው አትርፈዋል፤ ይህን ዓይኔ አይቷል።

ነገር ግን ሃንግዡ እንዳታዘናጋሽ። መኪናው ቢቆምልሽ ሞተሩ አይቆምም። ደማቅ የሥራ ልብስ ለብሰው ምግብ የሚያደርሱት ልጆች ደቂቃ ተቆጥሮባቸው ነው የሚሮጡት፤ በተቃራኒ መስመርም፣ በእግረኛ መንገድም ይመጣሉ። አልፈርድባቸውም፣ እንጀራቸው ነው። አንቺ ግን ግራም ቀኝም እዪ፣ መኪና በማይመጣበት በኩልም ጭምር። ኤርፎንሽን መንገድ ስትሻገሪ አውልቂ። ማታ ባትሪ ለመቆጠብ መብራት አጥፍቶ የሚነዳም አለ።

ለእግረኛ አረንጓዴ ሲበራልሽ ደግሞ ይህን አስታውሺ፦ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ቀይ ቢበራበትም፣ መንገድ ካልዘጋ በቀር መታጠፍ ይፈቀድለታል። ያው መኪና ሲታጠፍ የሚያልፈው አንቺ በምትሻገሪበት ዜብራ ላይ ነው። ሹፌሩ ከግራው የሚመጣ መኪና ላይ ዓይኑን ጥሎ አንቺን ሳያይሽ ሊገባ ይችላል። አውቶቡስና የጭነት መኪና ሲሆን ይብሳል፤ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጥጉ ላይ ተጠግተሽ አትቁሚ። መኪና መብራት ብልጭ ካደረገብሽም «እለፊ» ማለቱ አይደለም። እዚያ አገር አብዛኛውን ጊዜ «እየመጣሁ ነው፣ ቁሚ» ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ባለማወቅ መሀል አስፋልት ላይ ደርቄ ቀርቻለሁ።

በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞተረኛው ሁሉ ሰፊ የዝናብ ልብስ ይደርባል፤ ኮፍያው ጎንና ጎኑን ይጋርድበታል፣ መስታወቱም ይሸፈናል። እሱ አያይሽም፣ አንቺም በዣንጥላ ስር ሆነሽ አታዪውም።

መኪና መከራየት አማረኝ ያልሽውን እርሺው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ዋናው ቻይና ውስጥ አይሠራም፤ ያንቺንም የአገርሽን ፈቃድ ይዘሽ መንዳት አትችዪም። የቻይናን ፈቃድ ለማውጣት 100 ጥያቄ ተፈትነሽ 90 ማግኘት አለብሽ። ያለ ፈቃድ ተይዘሽ ትምህርትሽ ላይ ጣጣ እንዳታመጪ።

አንድ የወደድኩላቸውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2011 ጀምሮ ሰክሮ መንዳት በወንጀል ያስከስሳል። ከዚያ ወዲህ ማታ ምግብ ቤት በር ላይ ታጣፊ ሞተር ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች ታያለሽ፤ «ዳይጂያ» ይሏቸዋል። የጠጣው ሰው ቁልፉን ይሰጣቸዋል፣ ሞተራቸውን አጥፈው ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይከትቱና በገዛ መኪናው ቤቱ ያደርሱታል። እዚህ በየሠርጉ ማግስት የምንሰማውን ሳስብ፣ ይህ ሥራ አዲስ አበባም ቢለመድ እላለሁ። ጓደኞችሽ ጠጥተው ሊያደርሱሽ ቢሉ አትሳፈሪ፤ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ፣ አልቆጣሽም።

አሁን ወደ ፎቶው ልመለስ። ሃንግዡ ባለችበት በዜጂያንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ሞተር ላይ የሚነዳውም የሚፈናጠጠውም ሄልሜት ማድረግ ግዴታው ነው። በብዙ የቻይና ከተሞች ደግሞ አዋቂ ሰው ከኋላ መጫን ጭራሽ ክልክል ነው። ብዙዎች ሄልሜቱን መሪው ላይ አንጠልጥለው ፖሊስ ሲያዩ ብቻ ይደፉታል፤ አንቺ ግን የአገጩን ማሰሪያ አጥብቀሽ እሰሪው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ተብሎ የተገደበ ነው ብለሽ አትናቂው። ያቺ የዪዉዋ ሴት ከዚያ ፈጥና የመጣች አይመስለኝም፤ ግን አገጯን ምን እንዳደረገው አይቻለሁ። ባትሪውንም ዶርም ውስጥ ቻርጅ እንዳታደርጊ፣ እሳት ያስነሳል።

ነገ ሄደሽ ሁለት ሄልሜት ግዢ፣ አንዱ ለጓደኛሽ ይሁን። የእሷም እናት እንደኔ እንቅልፍ አጥታ ይሆናል። ገንዘቡን ከሚቀጥለው ወር ወጪሽ ጋር ጨምሬ እልክልሻለሁ። ከዚያ በየራሳችሁ ሞተር፣ ሄልሜታችሁን አጥልቃችሁ እዚያው ሐይቅ ዳር ተነሱና ላኪልኝ። ሳሎን የምሰቅለው እሱን ነው።

እናትሽ