የቤት ፊልሞችን ማሳያ ላይ ከመጫን በፊት

ይድረስ ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፦

ደብረ ብርሃንም ይሁን መንዝ፣ የቤተሰብ ሠርግ የተቀረጸበት የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም በሳጥን ያኖረ ሰው ቸኩሎ ፕሮጀክተር ላይ እንዳይጭነው አደራ እላለሁ።

በመጀመሪያ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያለው ቀዳዳ ይታይ። ትልቅ ሆኖ በሁለት ምስሎች ድንበር ላይ ከተበሳ የቀድሞው 8 ነው፤ ትንሽና ከምስሉ መሐል ትይዩ ከሆነ ደግሞ በፈረንጆች 1965 የወጣው ሱፐር 8 ነው። ለሌላው ዓይነት በተሠራ ፕሮጀክተር ከገባ ፊልሙን የሚስበው የማሽኑ ጥፍር ቀዳዳውን ይዘነጥለዋል። ለመጀመሪያ እይታ በእጅ የሚዞረው ትንሹ መመልከቻ ይሻላል፤ አብዛኛው ዓይነት ጥፍር ስለሌለው ቀዳዳውን አይዘነጥልም።

የተበጠሰውን ለመጠገን መቀጠያዋን የሚያህል መሣሪያ የለም። ጥርሶቿ ቀዳዳዎቹን ይዘው ሁለቱን ጫፎች ልክ ለልክ ያጋጥማሉ። ማጣበቂያው ፈሳሽ ከሆነ የአንዱን ጫፍ ደብዛዛ ገጽ እስኪጠራ ፍቆ፣ በስሱ ቀብቶ፣ 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። ከበዛ ፈሶ ፊልሙን ያጨማድደዋል። ፖሊስተር ከተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ግን በፈሳሽ አይያያዝም፤ ለፊልም የተሠራ ልዩ ፕላስተር ያስፈልገዋል። የቢሮ ስኮች ሙጫው እየወጣ የላዩን ዙር ስለሚያጣብቅ በፍጹም አይሞከር!

ኮምጣጤ የሚሸት ጥቅል መበላሸት ጀምሯልና ከሌሎቹ ይለይ፤ የሚወጣው አሲድ ይጋባል። የደብረ ብርሃን ብርድ ለፊልም ደግ ነው፤ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ግን ጤዛ እንዳይይዘው በተዘጋ ቆርቆሮው ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

ከአሜሪካ የመጣ ፕሮጀክተር ቮልቴጁን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ሞተሩ ለ60 ኸርዝ (የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ በሰከንድ) ብቻ ከተሠራ ግን በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ይዘገያል፤ ትራንስፎርመር ያንን አያስተካክልም።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን