ሳቁ ከዘበኛው አፍ ብቻ ለምን ይመጣል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እሁድ ሱቅ አብራኝ የምትሠራውን ልጅ ይዤ እዚሁ ጅማ አንድ አዳራሽ ውስጥ አዲስ አስቂኝ የፍቅር ፊልም አየን። ታሪኩ የለመድነው ነው። የሀብታም ልጅ ድሃ መስሎ ይቀርባል፣ ልጅቷ ትወደዋለች፣ ጉዱ ይወጣል፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። እሱስ ይሁን። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴም አላሳቁንም። ሳቅ የሚሰማው ዘበኛው አፉን ሲከፍት ብቻ ነበር፤ የዘበኛው ሥራ ደግሞ አማርኛን እንደ ኦሮምኛ ተናጋሪ እየሰባበሩ ማውራት ነው። አብራኝ ያለችው ልጅ እዚሁ ጅማ አጠገብ ካለችው ከሰቃ ነው የመጣችው፣ አማርኛ የለመደችውም እኔ ዘንድ ነው። ፈንዲሻዋን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ሳትነካው ቀረች። ወጥተን ሱቃችን ወዳለበት ወደ ጅማ መርካቶ ስንመለስ በአማርኛ ሳወራት በኦሮምኛ መለሰችልኝ። አብረን በሠራንበት ሁለት ዓመት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

እኔ ለፊልም ባዳ አይደለሁም። አሁን ቡና ብነግድም በ1990ዎቹ ካሴት የማከራይበት ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ልብ አንጠልጣዩን ወንዶች ወስደው በማግስቱ ይመልሱት ነበር። አስቂኝ የፍቅር ፊልም ግን ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ስለሚያየው፣ ከዚያም ጎረቤት ስለሚወስደው፣ ሦስት አራት ቀን ይቆይብኛል። ደንበኞቼ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ሳያጠነጥኑ ነበር የሚመልሱት፤ ከፍቼ ሳየው ብዙውን ጊዜ የቆመው ሁለቱ የሚጨቃጨቁበት ቦታ ላይ ነው። እየመለሱ ስለሚያዩት ምስሉ መስመር መስመር የሠራውም እዚያው ነው። ሰርጉ ጋ ካሴቱ አዲስ እንደሆነ ነው።

የዚህ ዓይነት ፊልም ደራሲ መጨረሻውን ሊደብቀን አይችልም። ፖስተሩን ስናይ እንደሚጋቡ አውቀን ነው ትኬት የምንቆርጠው። ስለዚህ ያለው ሀብት በሁለቱ መካከል የቆመው ነገርና እሱን የሚሻገሩበት መንገድ ነው። በመካከላቸው የቆመው አንድ ስልክ ቢደወል የሚያልቅ ነገር ከሆነ ደራሲው ባዶ እጁን ቀረ፤ ያኔ ነው ዘበኛውን የሚጠራው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1934 የዳይሬክተር ፍራንክ ካፕራን ፊልም «ኢት ሃፐንድ ዋን ናይት» ሲያዩ አገሩ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበር። ከአባቷ የኮበለለች የሚሊየነር ልጅና አንድ ጋዜጠኛ በአውቶቡስ አብረው ይጓዛሉ። ማታ አንድ ክፍል ሲያድሩ በሁለቱ አልጋ መካከል ገመድ ተወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቀልበታል። ገንዘባቸው ያልቃል፣ ይራባሉ፣ ይነታረካሉ። የምንስቀው በእነሱው በሁለቱ ነው። ፊልሙ አምስቱን ትልልቅ ኦስካሮች ጠራርጎ ወሰደ። ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ ባለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በየቀኑ ስንት አውቶቡስ ይመላለሳል? እኛ ግን ፍቅረኞቻችንን ከአዲስ አበባ ካፌ አናስወጣም።

የራሴን ልንገራችሁ። የአባቴ ቤት እዚሁ ጅማ አጠገብ፣ ማና ነበር። ባለቤቴ በአዲስ አበባ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አባቴም «ሾፌር ቤቱ መንገድ ነው፣ ልጄን ለማን ትቼ?» ብለው ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ መለሷቸው። በሦስተኛው፣ በኅዳር፣ ጀንፈሉ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ሽማግሌዎቹ ካልተፈቀደላቸው አይቀመጡም፣ ደጅ ላይ ቆመዋል። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ነኝ። አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ «ዘመድ ላማክር» ማለት ሲጀምሩ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። እናቴ ጮኸች። ጋቢያቸውን ያጣፉ ሦስት ሽማግሌዎች ክብራቸውን ትተው ቡና ሊያነሱ ሮጡ። እኔም ወጣሁ። በዚያ ቀን በአካባቢው ድርሽ ማለት ያልነበረበት ሰውዬ ከአጥሩ ጀርባ ዘሎ ገባና የሰሌኑን አንድ ጫፍ ያዘ፤ ሌላውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ ዝናብ እየመታቸው ሁለታችንን አዩን። «ይሄ ደሞ ከየት መጣ?» አሉ። ቡናው ከገባ በኋላ ሽማግሌዎቹን «ተቀመጡ» አሏቸው።

ይህን ቲያትር ለተማረው የእህቴ ልጅ ስነግረው ሳቀና ሜናንደር የሚባል የግሪክ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ316 ያሳየውን ተውኔት አጫወተኝ። ሰው የማይወድ ቁጡ አባት ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ገመድ ሊስብ የቆመው ወጣት የሰውዬውን ልጅ ሲያይ ፈዝዞ ገመዱን ሊለቀው ይደርሳል! እንደ ምንም ያወጡታል፣ ልጅቷም ለወጣቱ ትዳራለች። እኔ ከገመዱ ይልቅ የአባትየው ነገር ነው የገረመኝ። አባቴ ክፉ አልነበሩም፤ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር። ባለቤቴም ከተጋባን በኋላ ስንት ሌሊት መንገድ አድሯል።

የፊልም ጸሐፊዎቻችን እንዲህ ያለውን እንቅፋት ይፈልጉልን። ቡና ሲለቀም፣ ሽማግሌ ሲላክ፣ ሁለት ሃይማኖት ባለበት ግቢ ልጆች ሲዋደዱ የሚሆነውን ቁጭ ብለው ይስሙ። የእኛን አነጋገር ከፈለጉት ደግሞ ለፍቅረኛው ይስጡት፤ በዚያ ቋንቋ ይለምን፣ ይቆጣ፣ ልጅቷንም ያሸንፍ።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ባለፈው ዓመት እህቷን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች ነገር አጎቷን እያስመሰለች ስትነግረኝ ከሳቅ ብዛት ሚዛኑ ላይ ያለውን ቡና ደፍቼዋለሁ። የነገረችኝ በአማርኛ ነበር። ትናንት በሚመጣው እሁድ ሌላ ፊልም እንይ ብላት ዝም አለችኝ።

የቀድሞ ቪዲዮ ቤት ባለቤት
ከጅማ፣ መርካቶ