ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የአባቴ ካርድ ይገኝ

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፤

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስንወጣ አባቴ ሚኒባሱን ሁለቴ አስቆመ። ሽንት ነው። ሌሊትም አራት አምስቴ ይነሳል። ለጓደኞቹ ሲነግራቸው «አብሽር፣ የዕድሜ ነው» ብለውት ኖሯል። የዕድሜም ሊሆን ይችላል። ፕሮስቴት የሚባለው ከወንድ ፊኛ ሥር ያለው እጢ ዕድሜ ሲገፋ ያብጣል፤ ያበጠ ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም። ጭንቁ መለየቱ ላይ ነው።

ደሴ ላይ ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ አደረገ። ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ «ከዚህ በፊት ተመርምረው ያውቃሉ? ስንት ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ተመርምሯል፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሌላ ቦታ። ሄድን። ካርድ ክፍል ግማሽ ቀን ተፈልጎ «የለም» ተባልን። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ካርድ የሚጠፋው እዚያ ብቻ አይደለም።

ፒኤስኤ ፕሮስቴት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ኢንፌክሽንም ተራ እብጠትም ከፍ ያደርገዋል። አንዱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከድሮው ጋር ሲተያይ ነው ነገር የሚወጣው።

ሰሞኑን ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ብዙ ይወራል። ወሬው ባዶ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት ኮምፒውተሩ የፕሮስቴት ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳ) ምስል አይቶ አሳሳቢውን ካንሰር በመለየት ከ62 ራዲዮሎጂስቶች (ምስል አንባቢ ሐኪሞች) አማካይ ውጤት በልጧል። አሜሪካም ባዮፕሲ ላይ፣ ማለትም ከፕሮስቴቱ በመርፌ በተወሰደ ናሙና ላይ፣ አጠራጣሪውን ቦታ ናሙናውን ለሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስት) የሚጠቁም ሶፍትዌር በ2021 ፈቅዳለች። ዕድሜን፣ ፒኤስኤንና የፕሮስቴቱን መጠን ደምሮ ስጋትን የሚያሰላም አለ። ጥሩ ከሠራ በከንቱ መርፌ የሚወጋው ሰው ይቀንሳል።

ግን ያ ኤምአርአይ አንባቢ የተማረውም የተፈተነውም አውሮፓ ውስጥ በተነሱ ምስሎች ነው። የወሎን ሰው አያውቀውም። ለኛ ይሥራ አይሥራ በምን እናውቃለን? በራሳችን ሰው መዝገብ ነዋ። መዝገቡ ደግሞ ጠፍቷል።

ስለዚህ ማሽን ግዙልን አልልም። ፒኤስኤ የተመረመረ ሰው ሁሉ ዕድሜው፣ ውጤቱ፣ ባዮፕሲ ከተደረገለትም መልሱ በአንድ መለያ ቁጥር ይመዝገብ። የኮምቦልቻው፣ የደሴው፣ የቦሩ ሜዳው ሆስፒታል መዝገብ እርስ በርስ ይተያይ። ከዚያ ሰዎቹ ከፈቀዱ፣ ስማቸው ከመዝገቡ ተሰርዞ፣ ለወሎ ዩኒቨርሲቲና ለኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ይሰጥ። ሶፍትዌር ልሽጥላችሁ ብሎ የሚመጣም መጀመሪያ በዚሁ ይፈተን። ለመጀመር ኤክሴል የሚችል አንድ ሠራተኛና የማይጠፋ መብራት ይበቃል። የመብራቱን እንኳ ተዉት።

አባቴ ባዮፕሲ ተደርጎለታል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። የአሁኑን የፒኤስኤ ወረቀት ሦስት ኮፒ አስነሥቻለሁ። አንዱን እናቴ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኮምቦልቻ