ያለ ቅድመ ምርመራ ለትምህርት ቤት ጥገና ዋጋ የማንሰጥበት ምክንያት

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለክቡራን ደንበኞቻችን፣ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን፣ ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባላት እንዲሁም ለትምህርት ቤቶች ጥገና ገንዘብ ለምታዋጡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የአስቸኳይ ጥገና ገንዘብንና የሕንፃ ምርመራን ይመለከታል

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ለመማሪያ ክፍሎች ጥገና የዋጋ ማቅረቢያ እንድንልክ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ወደ ድርጅታችን መምጣት ይጀምራሉ። ችኮላው ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ እስከዚያ ድረስ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ይመለሳል፤ ክፍሎቹ ደግሞ ባዶ የሚሆኑት ፈተና ካለቀ በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በዚህ ጠባብ ጊዜ ውስጥ ስንጥቅ እንድንደፍን፣ ልስን እንድናድስና ቀለም እንድንቀባ ስንጠየቅ ፕሮፎርማ ሞልቶ መላክ ለእኛ ቀላሉ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከመጪው ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የሕንፃውን ችግር መሐንዲስ አይቶ በጽሑፍ እስካላስረዳ ድረስ ለመንግሥት ትምህርት ቤት የጥገና ዋጋ እንደማንሰጥ፣ ሕንፃውን የሚመረምረውና በኋላም ሥራችንን የሚያረጋግጠው መሐንዲስ የእኛ ተቀጣሪ እንዳይሆን እንደወሰንን በአክብሮት እናሳውቃችኋለን። ውሳኔው አንዳንዶቻችሁን ሊያስቸግር እንደሚችል ስለምንገነዘብ ምክንያቱን በዝርዝር ማስረዳት ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

ሁለት ስንጥቆች አንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ቢታዩም የመጡበት ምክንያት ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል። በኮንክሪት ምሰሶና በብሎኬት ግድግዳ መገናኛ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን መስመር ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ሁለቱ በሙቀትና በቅዝቃዜ እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይኮማተሩ ነው፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ባለበት አገር ይህ የተለመደ ሲሆን ዓይን ቢያስቀይምም ሕንፃ አይጥልም። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ መሬት የሚወርድና ወደ አንዱ ጫፍ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሠረቱ በአንድ በኩል እየሰጠመ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ልስን ሲሸፈኑና በአንድ ዓይነት ቀለም ሲቀቡ ልዩነታቸው ይጠፋል። የመጀመሪያው በዚያው ይቀራል፤ ሁለተኛው ግን ከልስኑ ሥር ሥራውን ይቀጥላል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ለልስኑ የወጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አደጋውን የሚናገረው ምልክት ተሸፍኖ መምህሩም ወላጁም ክፍሉ ተጠግኗል ብለው ልጆቹን መልሰው ማስገባታቸው ነው።

የኮንክሪቱም ነገር ተመሳሳይ ነው። በበረንዳ ምሰሶ ወይም በቢም (በአግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ላይ ኮንክሪቱ ተልጦ በውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ሲታይ ብዙዎች የሚጠይቁን በላዩ ላይ ሲሚንቶ እንድንለጥፍበት ነው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ እጥፍና ከዚያም በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ አዲስ የተለጠፈውንም እንደዚሁ ገፍቶ ይጥለዋል፣ ያውም ምናልባት በዕረፍት ሰዓት ልጆች ከሥሩ ቆመው ሳሉ። ትክክለኛው ሥራ የላላውን ኮንክሪት እስከ ጤነኛው ድረስ ማንሳት፣ ፌሮውን ከዝገት ማጽዳት፣ ውፍረቱ ምን ያህል እንደቀነሰ መለካት፣ ከመጠን በላይ ተበልቶ ከሆነ አዲስ ፌሮ አስሮ ማጠናከር፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው። ብዙ ጊዜ ምንጩ የተቀደደ አሸንዳ ወይም ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ ሆኖ እናገኘዋለን። በላዩ የመለጠፍና በትክክል የመጠገን ዋጋ በብዙ እጥፍ ስለሚራራቅ ሳይመረመር የሚሰጥ ዋጋ ግምት ብቻ ይሆናል፤ ግምቱ ዝቅ ካለ ገንዘቡ መሐል ላይ ያልቅና ክፍሉ ጣሪያው እንደተነሳ ዝናብ ይገባበታል።

ከተማችን ከተራራ ሥር፣ በስምጥ ሸለቆው ዳር ያለች ከተማ ናት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን እንደወሰደ የማያስታውስ የድሬዳዋ ሰው የለም። ጎርፍ ግድግዳ ሳይጥል ቢያልፍም እንኳ ከመሠረቱ ሥር ያለውን አፈር እየሸረሸረ ይሄዳል፤ ጉዳቱ ከላይ የሚታየው ደግሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓመት ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥም የምንኖርበትን ምድር ጠባይ ለሁላችንም አስታውሶናል። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል ያለው የአገራችን የሕንፃ ኮድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ስለሆነ ከዚያ በፊት በድንጋይ፣ በጭቃ ወይም በብሎኬት የተሠሩ ክፍሎች በዚያ ኮድ መሠረት የተነደፉ ሊሆኑ አይችሉም። ይህ ማለት ሁሉም አደገኛ ናቸው ማለት አይደለም፤ በጥንቃቄ የተሠሩ ብዙ አሮጌ ግንቦች እስከ ዛሬ ጸንተው ቆመዋል። የትኛው እንደሚያሰጋ የሚታወቀው ግን በመመርመር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ግቢ አጥር አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም፤ የጥገና ጥያቄ ሲቀርብ አጥር የሚያነሳ ሰው እምብዛም አናገኝም። ያለ ምሰሶና ያለ ማሰሪያ ቢም ረዝሞ የተገነባ የብሎኬት አጥር በአንድ በኩል አፈር ወይም ውኃ ሲጠራቀምበት ያለ ብዙ ማስጠንቀቂያ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። ልጆች ጥላ ፈልገው የሚቀመጡት ደግሞ አጥር ሥር ነው። ስለዚህ ምርመራ ስታስደርጉ መሐንዲሱ ክፍሎቹን ብቻ አይቶ እንዳይሄድ፣ አጥሩን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ጉድጓድና የውኃ ታንከር የተቀመጠበትን ማማ ጭምር እንዲያይ አደራ እንላለን።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ለአስቸኳይ ጥገና የሚውለው ገንዘብ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ትምህርት ቤቱ የሚያገኘው ድጎማ አለ፤ የአስተዳደሩ መደበኛና ካፒታል በጀት አለ፤ የመጠባበቂያ በጀት አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «ትምህርት ለትውልድ» በተሰኘው ንቅናቄ ከኅብረተሰቡ የሚሰበሰብ ገንዘብና ቁሳቁስም አለ። እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው፤ ሁሉም የሚጋሩት ግን ችግሩ በሰነድ ሲረጋገጥ መከፈላቸው የሚቀል መሆኑን ነው። ግዥ ክፍል አስቸኳይ ነው በሚል ከግልጽ ጨረታ ውጭ ለመግዛት ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ የርዕሰ መምህሩ ሥጋት እውነተኛ ቢሆንም ለዚህ በቂ ሰነድ አይሆንም፤ የጉዳቱ ስፋት የተለካበት፣ ፎቶ የተነሳበትና በመሐንዲስ የተፈረመ ሪፖርት ግን ይሆናል። በዚህ ምክንያት ምርመራው ገንዘቡን ያዘገየዋል የሚለውን ቅሬታ አንቀበለውም። ሪፖርት ሳይኖር ገንዘብ ጠይቀው ሲመላለሱ ወራት የፈጁ ትምህርት ቤቶች እናውቃለን። ለምርመራና ለክትትል የሚሆነው ገንዘብም ከጠቅላላው አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ፤ መጨረሻ ላይ ከሚተርፈው ይከፈላል ከተባለ ምንም አይተርፍም።

በዓይነት ስለሚሰጥ እርዳታም በትህትና አንድ ነገር ለመጠየቅ እንወዳለን። ሲሚንቶ ወራት ተከማችቶ እርጥበት ከነካው ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ሲሚንቶ ለመስጠት የምታስቡ ወገኖች ሥራው በሚጀመርበት ሳምንት ብታደርሱልን በእጅጉ ይጠቅማል። አሸዋም እንዲሁ ነው። በአካባቢያችን ከደረቅ ወንዞች የሚወጣው አሸዋ ብዙ ጊዜ ደለል ይበዛበታል፤ የደለሉ መጠን ከ6 በመቶ ካለፈ ታጥቦ ካልሆነ በስተቀር ለኮንክሪት መዋል የለበትም። በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጦ አስቀምጦ ማየት ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል፤ ይህንንም ማንኛውም የኅብረቱ አባል በፊታችን እንዲሠራው እንጋብዛለን።

ስለ ጊዜው ደግሞ የሚከተለውን ልብ በሉልን። ኮንክሪት የታሰበለትን ኃይል አግኝቶ እንደሆነ በተለምዶ የሚለካው በ28 ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን ክፍሉ ዝግጁ እንዲሆን ከተፈለገ የመጨረሻው ኮንክሪት ከነሐሴ 8 ቀን በኋላ መፍሰስ የለበትም፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ሳይቋረጥ ውኃ መጠጣት አለበት፣ ያለዚያ ላዩ ይሰነጣጠቃል። ከዚህ ወደ ኋላ ሲቆጠር የሥራ ቦታ ርክክቡና ውሉ በሐምሌ የመጀመሪያ ቀናት፣ ምርመራው ደግሞ አሁን በግንቦት መሆን ይኖርበታል። የዘንድሮው ገንዘብ ለዚህ ካልደረሰ ምርመራውን በዘንድሮው፣ ጥገናውን በሚመጣው ዓመት በጀት ማስያዝ ይቻላል። ለይስሙላ ቀለም ቀብቶ ገንዘቡን ከመጨረስ ይህ እጅግ የተሻለ ነው።

ምርመራው በሌላ ሰው ይሁን ያልነው ለምንድን ነው? ችግሩን የሚያገኘውና ችግሩን በመጠገን ገንዘብ የሚያገኘው አንድ ድርጅት ሲሆን የሚጎዳው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ሥራው እንዲበዛ የሚፈልግ ስንጥቁን ያገዝፈዋል፤ በርካሽ ጨረታ ለማሸነፍ የሚፈልግ ያሳንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ወደ 70 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ ሰዓቱ አመሻሽ ስለነበር ልጆቹ ክፍል ውስጥ አልነበሩም። በአንድ ወር ውስጥ የወጣው ሕግ የትምህርት ቤት ሕንፃ ንድፍ በመንግሥት እንዲፈተሽ፣ ግንባታውንም ከተቋራጩ ነጻ የሆነ ተቆጣጣሪ ያለማቋረጥ እንዲከታተለው አስገደደ። በዚያው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2004 የአንድ ክስ ስምምነት ተከትሎ ዝቅተኛ ውጤት ለሚያስመዘግቡ ትምህርት ቤቶች አስቸኳይ ጥገና የሚውል 800 ሚሊዮን ዶላር ራሱን በቻለ ሒሳብ እንዲመደብ ተወሰነ። ያን ያህል ገንዘብ የለንም፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪን ከተቋራጭ መለየትና የአደጋ ጊዜን ገንዘብ ከሌላው ወጪ ለይቶ ማስቀመጥ በትንሽ ገንዘብም የሚቻል ነው። በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚጠይቀው ምድብ «ሐ» ውስጥ ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። ምርመራውን ፈቃድ ካለው አማካሪ ወይም በአስተዳደሩ ከሚመለከተው የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት መሐንዲሶች መጠየቅ ትችላላችሁ። ከትምህርት ቢሮ የሚመጡት ኢንስፔክተሮች ትምህርት ቤቱን ከደረጃ 1 እስከ 4 የሚመዝኑበት ሥራ ሌላ መሆኑንም እባካችሁ አትዘንጉ፤ ጥሩ ደረጃ ያገኘ ትምህርት ቤት የቢሙ ፌሮ ሊዝግ ይችላል።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ተቆጣጣሪው የሚመጣበትን ጊዜ ከእናንተ ጋር በውሉ ውስጥ እናሰፍራለን። መሠረት ተቆፍሮ ከመሞላቱ በፊት፣ ፌሮ ታስሮ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፣ የጣሪያው ወራጅና ማገር ታስሮ ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት ሥራችንን አቁመን እንጠብቃለን፤ ተቆጣጣሪው ካልፈረመ አንቀጥልም፤ ላልተፈረመ ሥራም ክፍያ አንጠይቅም። ከክፍያችን ለዋስትና የሚያዘው 5 በመቶም ጉድለት የመጠገኛው አንድ ዓመት አልቆ የመጨረሻው ርክክብ እስኪፈጸም በእናንተ እጅ ይቆይ፤ አንድ ክረምት ሳያልፍበት የተጠገነ ጣሪያ ጥሩ መሆኑን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ምርመራ እስኪደረግ መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ እንዳለ እናምናለን። ስንጥቁ ከቀን ወደ ቀን ሲሰፋ፣ በርና መስኮት በድንገት አልዘጋ ሲል፣ ቢም ሲጎብጥ ወይም ከጣሪያ የእንጨት መሰበር ድምፅ ሲሰማ ተማሪዎቹን ወዲያውኑ አስወጡ፣ ክፍሉን ቆልፉ፣ ከዚያ በኋላ ደውሉልን። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ያለ ፕሮፎርማና ያለ ቅድመ ክፍያ መጥተን የድጋፍ ብረት አቁመን፣ አካባቢውን አጥረን እንመለሳለን። ይህ ክፍሉ እንዳይወድቅ የሚያቆይ እንጂ ጥገና ስላልሆነ ድጋፉ ቆሟል ተብሎ ልጆች መልሰው እንዳይገቡ አጥብቀን እንጠይቃለን።

አስቸኳይነቱ ላልለየለት ስንጥቅ ደግሞ ዛሬውኑ ልትጀምሩት የምትችሉት ሥራ አለ። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከጎኑ ቀኑን ጻፉ፤ በላዩም ትንሽ የጄሶ ልጥፍ አድርጋችሁ በየሳምንቱ ተመልከቱት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። የጻፋችሁትን ቀንና ያነሳችሁትን ፎቶ ለምትጠሩት መሐንዲስ አስረክቡት፤ የእርሱ ሪፖርት በደረሰን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ዝርዝር ዋጋ እናቀርብላችኋለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ