በፌስታል ስለሚመጣው ማስረጃ፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ነርስ ነኝ። የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት ቦታ ነው።

ክረምት ላይ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ከተደፈረች አራተኛ ቀኗ ነበር። እናትየዋ ልብሷን ከነእርጥበቱ በፌስታል ቋጥራዋለች። መጀመሪያ የሄደችበት ቦታ "ደህና አድርገሽ ቋጥሪው" ብለዋት ነው። ስፈታው ሻጋታ ሸተተኝ። አብሯቸው የመጣው ሰው ደግሞ "አራት ቀን ካለፈው ምን ይገኛል ብለሽ ነው?" አለኝ።

ሊገኝ ይችላል እኮ! ቀኑ ሲገፋ የወንዱ ዲኤንኤ ያንሳል፣ የሴቷ ግን ብዙ ነው። የተለመደው ምርመራ ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚያነብ ትንሹ በትልቁ ይዋጣል። ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ያለው ግን ወንድ ላይ ብቻ ነው። እሱን ለይቶ የሚያነበው ምርመራ የሴቷን አልፎት ይሄዳል። ፈሳሹ ውስጥ የዘር ህዋስ ባይኖርም ይሠራል። እርጥበትና ፌስታል ሲገናኙ ግን ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ይጨርሰዋል፤ ያኔ ማሽኑ ምን ያድርግ?

ስለዚህ የምለምናችሁ ውድ ነገር አይደለም፤ የወረቀት ፖስታ ነው። ልብሱ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ለየብቻ በወረቀት ይጠቅለል። ይህን የሚል አንድ ገጽ መመሪያ በየፖሊስ ጣቢያውና በየጤና ጣቢያው ይለጠፍ።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ ያስፈራኛል። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሳይለወጥ ነው የሚወርደው ማለት ይቻላል። አባት፣ ወንድም፣ የአባት ወንድም፣ የእሱም ወንድ ልጅ፣ የሁሉም ውጤት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ይሆናል። እኛ ጋ ደግሞ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያሉት ነባር ቤተሰቦች መሬቱን ከአባት እየተካፈሉ እዚያው ጎጆ የወጡ ናቸው። ግማሹ ሰፈር የአንድ አያት ልጅ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌ ይህን ከላብራቶሪው ቀድመው ይነግሯችኋል። እንዲህ ባለ ቦታ "ናሙናው ከተጠርጣሪው ጋር ይመሳሰላል" ብሎ የሚያቆም ሪፖርት ወንድምን በወንድሙ ጥፋት ሊያሳስር ይችላል። "በአባት በኩል የሚዛመዱት ወንዶችም ይህንኑ ውጤት ሊያሳዩ ይችላሉ" የሚል ዓረፍተ ነገር በግድ ይጻፍበት። ዳኛውም ያንብበው። ካልተመሳሰለ ግን በከንቱ የተጠረጠረውን ሰው በአንድ ቀን ነፃ ያወጣዋል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ዝምድናው ለመርማሪም ይጠቅማል። በኔዘርላንድስ ገጠር በ1999 እ.ኤ.አ. አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ተገድላ ገዳዩ ጠፍቶ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የአካባቢው ወንዶች በፈቃዳቸው ናሙና እንዲሰጡ ተጠየቁ። የገዳዩ ዘመድ ቢሰጥ እንኳ ፍለጋው ወደ ቤተሰቡ ይጠጋል ተብሎ ነበር። ገዳዩ ግን ራሱ መጥቶ ሰጠና ተያዘ።

የልጅቷን ልብስ ንጹሕ ወረቀት ላይ ዘርግቼ አደረቅሁት። ጠቅልዬ፣ ቀንና ሰዓት ጽፌ አስረከብኩ። የተረካቢው ፊርማ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እናትየዋ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየመጣች "ውጤቱ መጣ እንዴ?" ትለኛለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ