እህል ላልታጨደበት ማሳ የማዳበሪያ ዕዳ

ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ማመልከቻ አስገብተናል። በአካልም መጥተናል። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከመባል ሌላ መልስ ስላጣን በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

አባቴ ዋግ ኽምራ ውስጥ አሸዋማ መሬት ያርሳል። የሚዘራው ማሽላ ነው። ባለፈው ክረምት ለቀበሌው የማዳበሪያ ኮታ መጣ። አባቴ «ይሄ መሬት ውኃ አይዝም፤ ዝናብ ከቀረ ቡቃያዬን ያቃጥልብኛል» አለ። «ካልወሰድክ ስምህ ከሴፍቲኔት እርዳታ ይሰረዛል» ተባለ። ፈርሞ በዱቤ ወሰደ። ዝናቡ ነሐሴ ሳይጋመስ ቆመ። ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ደረቀ። ዕዳው ግን አልቀረም። እናቴ ለልጆቹ ወተት ብላ ያቆየቻቸው ፍየሎች ተሸጠው ተከፈለ። ዛሬ እቤት ውስጥ ወተት የለም። ይህን ሁሉ ማመልከቻው ላይ ጽፈነዋል።

እርስዎ የግብርና ሰው ነዎት። አሸዋ ውኃም ሆነ ንጥረ ነገር እንደማይዝ ያውቃሉ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የዩሪያው ናይትሮጅን ከሥሩ በታች ታጥቦ ይወርዳል። ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ላይ ላዩን የተበተነው ወደ አየር ይተናል። ታዲያ 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ በሄክታር የሚለው ለአገር ሁሉ አንድ ዓይነት የነበረ ምክር በእኛ ማሳ ላይ በምን ሒሳብ ይሠራል? ኒጀር ያሉ ገበሬዎች እኮ በእንዲህ ያለ አሸዋ ላይ ጥቂት ግራም ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ይጨምራሉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ዝናብ ቢቀር እንኳ ዕዳው ቤት አያፈርስም።

የማሽላን ሥር ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥ አቀንጭራ የሚባል አረምም አለ። የሚበረታው ለምነቱ ባለቀ መሬት ላይ ነው። ጎብዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ከወጡ 20 ዓመት አልፏቸዋል። የማሽላ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። ሰቆጣ ላይም ለደረቅ ምድር የተቋቋመ የምርምር ማዕከል አለ። አባቴ ደጅ የደረሰው ግን የማዳበሪያ ጆንያ ብቻ ነው። ዘሩን ማን አስቀረው?

ሴፍቲኔት ለተራበ ሰው የተመደበ እርዳታ ነው። ማዳበሪያ ማስወሰጃ ማስፈራሪያ ሊሆን አይገባም። ይህን ያደረገው ሰው ይጠየቅ። ምርት ካልተገኘበት ማሳ የተሰበሰበው ዕዳ ለአባቴም ለጎረቤቶቹም ይመለስ። የዘንድሮው ኮታ ከመከፋፈሉ በፊት መልስዎን በጽሑፍ እንፈልጋለን።